የቆጡ በረኛ

ኦዲል ፔራር ስለ ኮምፒውተር ምንም ሳታውቅ ነው ወደ ቆጡ የወጣችው። በፈረንሳይ አገር የሳንቴትየን ከተማ የትራምና የአውቶቡስ ድርጅት ተቀጣሪ ነበረች፤ ሥራዋም ተሳፋሪ የረሳውን ዕቃ ተረክቦ ማስቀመጥና ለባለቤቱ መመለስ ነበር። ጃንጥላ፣ ነጠላ ጓንት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንድ ጊዜም በቅርጫት ውስጥ የተኛ ድመት ገብቶላታል። ዕቃው በመጣ ማግስት «የእኔ ነው» ባይ ይመጣል። ኦዲል የሰው ፊት አይታ አታምንም፤ ፊት አይታም አትጠረጥርም። ትጠይቃለች እንጂ። እጀታው ምን ይመስላል፣ የት ጋ ተላልጧል፣ መቼ ገዙት? አጠያየቋ ለስለስ ያለ ስለሆነ የዋሸ ሰው እንኳ ሳይዋረድ ነበር የሚወጣው።

ፍራንክ ቀርቶ ዩሮ በገባበት ዓመት፣ በጥር ብርድ፣ ሬዢስ ሻቫኖን የሚባል መለሎ የሒሳብ መምህር ላፕቶፑን ትራም ላይ ረስቶ መጣ። ቀለሙን ነገራት፣ ጭረቱን ነገራት። እሷ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

«ውስጡ ያለው የእኔ አይደለም» አላት። «የብዙ ሰው ነው።»

«የብዙ ሰው ከሆነ ለእርስዎ ብቻ እንዴት ብዬ ልስጥዎት?»

ሬዢስ ሳቁ አመለጠው። ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች እያጉረመረሙ እሱ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ያስረዳት ጀመር። ፕሮግራም ጽፈው የማይሸጡ፣ የማይቆልፉም ሰዎች በየአገሩ አሉ። የጻፉትን ማንም ከፍቶ እንዲያየው፣ እንዲያርመው፣ ለሌላ እንዲያካፍለው ይተዉታል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሥራ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሬዢስና ጓደኞቹም በትርፍ ጊዜያቸው ያንን ቦታ ይሰጣሉ። ላፕቶፑን ተቀብሎ ሲወጣ ዞር ብሎ፣ «ቅዳሜ ብቅ ይበሉ። እኛ ጋ ዕቃ የሚያመጣ ሞልቷል፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ነው ያጣነው» አላት።

ኦዲል ባሏ ከሞተ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የሚባለው ነገር አልገፋ ብሏት ነበር። ሄደች።

ቦታው ዣካር ሰፈር ነው፤ ድሮ የሐር ጥብጣብ ሸማኔዎች የኖሩበት። ቤቶቹ ትልቁን የሽመና ማሽን እንዲያቆሙ ተብለው ጣሪያቸው ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ከማሽኑ በላይ ደግሞ ሸማኔው ከነቤተሰቡ የሚተኛበት የእንጨት ቆጥ አለ። የሬዢስ አያት የሐር ሸማኔ ነበረች። ማሽኑ ከተሸጠ ቆይቷል፤ ቆጡ ግን ቀርቷል፤ የአያትየው አልጋ በነበረበት ቦታ ኮምፒውተሮቹ ተደርድረው ቀን ከሌት ያጉረመርማሉ። ድርጅታቸውንም «ቆጡ» ብለው ሰየሙት። ደረጃው ቀጥ ያለ በመሆኑ አዲስ ሰው አናቱን ከወራጁ ሳያላትም አይወጣም። ኦዲልም ተላተመች። ያሚና ቡዝረዳ የምትባል ቀልደኛ ሴት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ግንባሯ ላይ እየያዘችላት፣ «እንግዲህ አባል ሆነሻል፤ ሌላ መመዝገቢያ የለንም» አለቻት።

ያሚና ሰው ሠራሽ እግር ሠሪ ናት። አባቷ ከአልጄሪያ ለድንጋይ ከሰል ቁፋሮ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እጇ ሁሌም በጄሶ የነጣ ሲሆን፣ ምላሷ ደግሞ ማንንም አይምርም።

ዛሬ ኦዲል ያንን ዘመን ስታነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣላት ሽታው ነው። የሞቀ ሽቦ፣ የአሮጌ እንጨት፣ ደግሞም ከታች ቤት ሬዢስ ምጣድ ላይ የሚጠብሰው የድንች ራፔ። ድንቹን ፈቅፍቆ በስሱ ጠብሶ፣ በነጩ የሳራሶን አይብ ያቀርበዋል፤ በዘይት የራሰ ጣት የኮምፒውተሩን ቁልፍ እንዳይነካ ያሚና በር ላይ እጅ ታስታጥባለች። በብርድ ወራት ማሞቂያ አያስፈልግም ነበር፤ የዓለም ሰው ሥራ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ያሞቋቸዋል። መስኮቱ ላይ በረዶ ሲከመር እነሱ በሸሚዝ ሆነው ይከራከራሉ።

ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው፤ ምን ይግባ፣ ምን አይግባ። ነፃ ሶፍትዌር ሲባል ሰው ሁሉ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ነፃ ሲሉ እንደ ነፃ ሰው ማለታቸው ነው። ያገኘው ሁሉ ለፈለገው ሥራ ይጠቀምበት፣ ውስጡን ይመልከት፣ ይለውጠው፣ ለጎረቤቱ ይስጥ። ይህ መጀመሪያውኑ የነበረ ሕግ ነው። ሌላው ሕግ ከጠብ የተወለደ ነው። አንድ ጊዜ አንዱ ፕሮጀክት የጎብኚውን ኮቴ ተከትሎ ለማስታወቂያ ነጋዴ የሚያቀብል ነገር ገጹ ላይ ደብቆ ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላይ አይገባም ተባለ። ሌላው ፕሮግራሙ ነፃ ሆኖ ሳለ ያለ አንድ የተቆለፈ ሶፍትዌር የማይሠራ ሆነ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ደረጃው የተቆለፈበት ቤት ምን ይረባል ተብሎ ያም ተከለከለ። ደግሞ እያንዳንዱ ጽሑፍ አናቱ ላይ ማን እንደጻፈውና በምን ፈቃድ እንደለቀቀው መናገር ነበረበት። ይህችኛዋ የኦዲል ድርሻ ሆነች።

ፕሮግራም ማንበብ ባትችልም ስም ማንበብ ትችላለች። የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ ከፍታ፣ ስም የሌለው ስታገኝ ለላኪው ትጽፋለች። ሊዮን ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ የውሻ ጨዋታ ላከ፤ ከበስተጀርባው የሚያምር ሙዚቃ አለው። ሙዚቃው የማን እንደሆነ ጠየቀችው። ከኢንተርኔት ያገኘው ነው አላት። ታዲያ ያስቀመጠውን ሰው ጠይቆ እንደሆነ ደግማ ጻፈችለት። ልጁ ተናደደ፤ ለውሻ ጨዋታ ይህ ሁሉ ምርመራ ምንድነው ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ። ኦዲል እሱ ራሱ ጨዋታውን ሌላ ሰው በራሱ ስም ቢያወጣው ደስ ይለው እንደሆነ ብቻ ጠይቃ ተወችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲስ ሙዚቃ መጣ፤ አክስቱ በአኮርዲዮን የተጫወተችው፣ መሐሉ ላይ ሁለቴ የተሳሳተችበት። ፋይሉ አናት ላይ የአክስትየዋ ስም ሙሉ ተጽፏል። ቆጡ ላይ ያንን አኮርዲዮን ከፍተው ወይናቸውን እየጠጡ ያሳለፉትን ቅዳሜ ማንም አልረሳውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰው ሁሉ «በረኛዋ» ይላት ጀመር። ስሙን ወደደችው።

ሙሴ ክሎዲዩስ ቲዚ (ሙሴ በፈረንሳዮቹ አጠራር «አቶ» ማለት ነው) የመጡት በሦስተኛው ዓመት ነው። ኦዲል ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች። እሳቸውና አባቷ በመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ ጎን ለጎን ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲቀርጹ ኖረዋል። አባቷ ጡረታ ሳይወጣ ሞተ፤ ሙሴ ክሎዲዩስ ግን ፋብሪካው ከተዘጋም በኋላ ኖሩ፤ ሚስታቸውንም ቀበሩ፤ ብቻቸውን ሲቀሩ ኮምፒውተር ገዝተው ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። በሰባ ዓመታቸው። የጻፉት ፕሮግራም፣ ጠምዘዝ ያለ ብረት በቶርኖ ሲቀረጽ ስለቱ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ የሚያሰላ ነው። ያሚና ስታየው ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት። የጉልበት መጋጠሚያ ለመቅረጽ የምትፈልገው ይህንን ነበር፤ በገበያ ያለው ለእሷ ዓይነት ትንሽ ወርክሾፕ የሚቀመስ አልነበረም።

ችግሩ የፈቃድ ጽሑፋቸው ላይ ነበር። ሽማግሌው የተለመደውን ነፃ ፈቃድ ከገለበጡ በኋላ ከታች በራሳቸው አንድ መስመር ጨምረዋል። ጦር መሣሪያ ለሚሠራ ሰውም ሆነ ድርጅት አይፈቀድም ይላል።

የዚያን ቅዳሜ ራፔው ቀዘቀዘ። ሬዢስ ሕጉ ግልጽ ነው አለ፤ ለፈለገው ሥራ ማለት ለፈለገው ሥራ ነው።

«ሬዢስ» አለች ያሚና፣ «እኔ ስሠራ የምውለው እግር ነው። ከእነዚህ እግሮች ስንቱን ፈንጂ እንደቆረጠው ልንገርህ? ሽማግሌው ያሉት ምን ጥፋት አለው?»

«ጥፋት አለው አላልኩም። እኔም ልቤ ከእሳቸው ጋ ነው።»

«ልብህን ተወውና እጅህን አንሣ።»

«ዛሬ መሣሪያ ለሚሠራ አይሆንም ካልን፣ ነገ አንዱ መጥቶ ድንበር ላይ አጥር ለሚያጥር አይሆንም ይላል፤ ሌላው ለአረብ አይሆንም፣ ሌላው ለፈረንሳይ አይሆንም። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ጠላት ይዞ ይመጣል። ያኔ ሁለቱን አገናኝተሽ መሥራት አትችይም። ደግሞ ፈራጁ ማን ሊሆን ነው? እኛ? እዚህ ቆጥ ላይ ድንች እየበላን?»

ያሚና ተናድዳ ሳህኗን ገፋች። ሁሉም ወደ ኦዲል ዞሩ። አባቷ ማታ ወደ ቤት ሲገባ እጁን በብሩሽ እስኪቀላ ሲያሽ ይታያት ነበር፤ ስለ ሥራው ግን አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። በመጨረሻ ሬዢስ እውነት እንዳለው፣ ነገር ግን ለሙሴ ክሎዲዩስ በኮምፒውተር እንደማትጽፍላቸው ተናገረች። ራሷ ሄዳ ትነግራቸዋለች።

ሙሴ ክሎዲዩስ ኮረብታው ላይ ለሠራተኛ የተከፋፈለች ትንሽ የጓሮ መሬት አለቻቸው፤ ከሳጥን እንጨት የተሠራች ጎጆ፣ ሁለት መደብ ባሮ ሽንኩርት፣ አንድ የፕሪም ዛፍ። ሲያዩዋት ደስ አላቸው፤ ወንበር አወጡላት። ስትነግራቸው አጎንብሰው መኮትኮታቸውን ቀጠሉ። ስትጨርስ ቀና አሉ።

«ፋብሪካው ውስጥ ሳለሁ» አሉ፣ «የማወጣው ቁራጭ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም። አባትሽም አልጠየቀም። ማን ይጠይቅ ነበር፤ ዳቦ ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ የማላውቀው አገር ጦርነት ሲያሳዩ አንዱ ትከሻ ላይ ያለውን ጠመንጃ አየሁት። እጄ ለየው ልጄ። ዓይኔ አይደለም፣ እጄ። ሚስቴ ምን ሆንክ አለችኝ፤ ምንም አልኳት።»

ኦዲል መዶሻ የሠራ ሰው በመዶሻው ለተሠራው ሁሉ አይጠየቅም ልትል ነበር። ከዚያ ስለ መዶሻ ለእሳቸው መንገር ምን ይሉታል ብላ ተወችው።

«በሕይወቴ የራሴ ብዬ የሠራሁት ይህንን ብቻ ነው» አሉ። «ወዴት እንደሚሄድ አንድ ጊዜ እንኳ ልናገር ብል፣ እናንተ አይቻልም ትሉኛላችሁ። የመልካም ሰዎች ማኅበር ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«መልካሙን ከክፉው እንለይ ካልን ለዪዎቹ እኛ ልንሆን ነው፣ ሙሴ ክሎዲዩስ። እኔ ያንን አልችልም። የጃንጥላ ባለቤት መለየት እንኳ አንዳንዴ ያቅተኛል።»

«ፉያ» አሉ፤ የሳንቴትየን ሰው ሲገርመውም ሲከፋውም የሚላት ቃል ናት። «እንግዲያው በርሽን ጠብቂ።»

ከዚያ ጓሮ ባዶ እጇን ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ወይ ሽንኩርት ወይ ፕሪም ሳያስይዟት አይሸኟትም ነበር። ቁልቁለቱን ስትወርድ አለቀሰች፤ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም፤ ይህ ራሱ ደግሞ አስከፋት።

ሽማግሌው ፕሮግራሙን ከነመስመሩ ይዘው ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ድረ ገጽ ሄዱ። ማንኛውንም ነገር ያለ ዋጋ የሚያስቀምጥ ነው፤ ፈቃዱን ያነበበ የለም፣ የጠየቃቸውም የለም፤ ሻይ ሳይፈላ ተቀብሎ አወጣላቸው። ያሚናም ከዚያ አውርዳ ትሠራበት ጀመር፤ ኦዲልን ባየቻት ቁጥር «የእኔ እግሮች ይራመዳሉ፤ የእናንተ ሕግ እንዴት ነው?» ትላታለች። ኦዲል ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከከንፈሯ አያልፍም።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሆኖ ቆየ። አንድ የመከር ቅዳሜ ከደረጃው ሥር ከባድ እርምጃ ተሰማ፤ ከዚያም ወራጁ «ጧ» አለ። ሙሴ ክሎዲዩስ አናታቸውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው አንድ ሳጥን ባሮ ሽንኩርት ታቅፈው ብቅ አሉ። ያሚና ፎጣና በረዶ ልታመጣ ሮጠች። ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፖርቱጋል የሚኖር አንድ ቶርኖ ሠራተኛ ጽፎላቸዋል። ፕሮግራምዎን አውርጄ ኮምፒውተሬ በማስታወቂያ ተሞላ፤ ልጄ ከፍታ ማየት የሌለባትን ሥዕል አየች፤ እርስዎን ሽማግሌ ሰው ብዬ አምኜ ነበር ይላል። ሽማግሌው ከፍተው ቢያዩ፣ ኩባንያው ሳይነግራቸው በፕሮግራማቸው ላይ ሌላ ነገር ለብጦ ሲያድል ከርሟል። አቤት ብለው ቢጽፉ የሚመልስ ሰው የለም።

«ያ ቤት ምንም አልጠየቀኝም» አሉ። «እኔም ደግነት መስሎኝ ነበር። ለካስ ያልጠየቀኝ ግድ ስለሌለው ነው።»

ማንም «እኛ ብለን ነበር» አላላቸውም።

«መስመሩን አወጣዋለሁ» አሉ ሙሴ ክሎዲዩስ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። መከልከል አይቻልም፤ እሺ። መለመንስ?»

ሬዢስና ኦዲል ተያዩ። ሬዢስ ልመና ከፈቃዱ ውጭ እስከ ተቀመጠ ድረስ፣ ያልተቀበለውንም ሰው ከመብቱ እስካላጎደለበት ድረስ፣ ማንም ማንንም መለመን ይችላል አለ። ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠው በሁለት ጣት እየለቀሙ ጻፉ፤ ፕሮግራሙን የከፈተ ሁሉ ከምንም በፊት የሚያነብበው ገጽ ላይ ገባ። እንዲህ ይላል፦ «ስሜ ክሎዲዩስ ቲዚ ነው። ቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ጠመንጃ ሠርቻለሁ። ይህ ፕሮግራም የአንተ ነው፤ እንደወደድክ ልታደርገው ትችላለህ። ለመግደያ እንዳታደርገው እለምንሃለሁ። ብታደርገው የምከስህ የለም። ለምኜህ እንደነበር ግን እወቅ።»

ኦዲል ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ እያንዳንዱ ፋይል ላይ ስማቸው መኖሩን አየች። የቀረ አልነበረም። «ይገባል» አለች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ኦዲል የጥጋብ ዘመን ትላቸዋለች። ሙሴ ክሎዲዩስ ቅዳሜ አይቀሩም። ወንበራቸው ከመስኮቱ ሥር ነው። ከሬዢስ ጋር በሒሳብ፣ ከያሚና ጋር በእግር ኳስ ይጣላሉ፤ አረንጓዴ ለባሾቹ የከተማው ልጆች በተሸነፉ ቁጥር በሚስታቸው ሞት ያልለበሱትን ጥቁር ለመልበስ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ከየአገሩ ለፕሮግራሙ ማረሚያ ይመጣል። የፖርቱጋሉ ሠራተኛም ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ፤ ልመናቸውንም በቋንቋው ተርጉሞ ላከላቸው።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ከሰሜን አገር ሄኒንግ ከሚባል መሐንዲስ መልእክት መጣ። ሬዢስ ተርጉሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና መሐል ላይ ድምፁ ቀነሰ። ሰውየው የሚሠራው መሣሪያ ከሚያመርት ድርጅት ነው። ልመናዎን አንብቤዋለሁ ይላል። አለቆቼ ግን አላነበቡትም፤ ቢያነቡትም ግድ አይሰጣቸውም፤ እንጠቀምበታለን። ስንጠቀምበት ግን ስሕተት አገኘሁ። ኩርባው በጣም ሲጠማዘዝ ብረቱን ከሚገባው በላይ ያሳሳዋል። ሰው የሚራመድበትን እግር የሚሠሩበት እንዳሉ ገጹ ላይ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ማረሚያውን አብሬ ልኬያለሁ፤ የእናንተ ነው።

ያሚና ፊቷ እንደ ጄሶዋ ነጣ። ያንኑ ቅዳሜ ተነሥታ ወደ ወርክሾፕዋ ሄደች፤ ሰኞ ጉልበት የሠራችላቸውን ሁሉ በስልክ ትጠራ ጀመር። አብዛኞቹ ደኅና ነበሩ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ግን ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ነው፤ የእሱ መጋጠሚያ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ሳይወድቅ ተቀየረለት። ለእሱ የመጋጠሚያውን ዕድሜ የሚያረዝም የጥንቃቄ ምርመራ ነው ብላ ስለነገረችው፣ በምላሹ አንድ ጆንያ የሚያህል ዳቦ አምጥቶ ሰጣት፤ መብላት አልቻለችም።

የቀረው የሽማግሌው ፈቃድ ነበር። ማረሚያውን ወደ ፕሮግራሙ ማስገባት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሬዢስ ማረሚያውን መርምሮ ትክክል ነው ብሏል። ሙሴ ክሎዲዩስ ግን ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። ኦዲል ጓሮው ድረስ ሄደች። ፕሪሙ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«የለመንኩት እሱን ነበር» አሏት። «እንዳይነካው ነበር የለመንኩት። አሁን እሱ ነው ያሚናን ከጉድ ያወጣት።»

«አዎ።»

«በእኔ መስመር ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ተደብቆ ይጠቀም ነበር፤ ስሕተቱንም አይነግረኝም። ተደብቆ የሚጠቀም ሰው ጻፍ ቢሉት አይጽፍም።» ቀና ብለው አዩአትና፣ «አመሰግናለሁ ልበለው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት እንደ ልጅ ነበር።

ኦዲል አባቷ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አላወቀችም። «ስሙን ይጠይቁት» አለቻቸው። «ማረሚያ የላከ ሰው ሁሉ ስሙ ይገባል፤ ሕጋችን ነው። ሌላውን እርስዎ ያውቃሉ።»

ጻፉለት። ምን እንደጻፉ ሙሉውን ያየ የለም፤ ሬዢስ ብቻ ነው የተረጎመው፤ እሱም ሲጠየቅ አጭር ነበር ብሎ ያልፋል። ማረሚያው ገባ። በፋይሉ አናት ላይ የሄኒንግ ስም ከክሎዲዩስ ስም ሥር ተጻፈ፤ ልመናውም ከላይ እንዳለ ቆየ፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ሄኒንግ ሥራውን አልለቀቀም። ሁለት ሕፃናት እንዳሉት፣ በከተማውም ሌላ ሥራ እንደሌለ አንዴ ጽፏል፤ ሽማግሌው ያንን ሲሰሙ «አውቃለሁ» አሉ። በየዓመቱ ለገና መልካም ምኞት ይላላኩ ነበር።

ሙሴ ክሎዲዩስ በተኙበት አረፉ። በቀብራቸው ላይ ያሚና የሠራችላቸው ሰዎች፣ ዳቦ ጋጋሪውን ጨምሮ፣ በገዛ እግራቸው ኮረብታውን ወጥተው ቆሙ። አንዳንዶቹ ሽማግሌውን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ልመናው በዚያን ጊዜ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ነበር፤ ተርጉሙት ብሎ ያዘዘ የለም።

ቆጡ ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ያጠፋው ጠብ አይደለም። ሰው ሁሉ ጠቅልሎ ወደ ትልልቆቹ ቤቶች ገባ፤ እዚያ የማይጠየቅ የለም፣ የሚጠይቅ ግን ሰው አይደለም፤ «ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ሳይመጣ ወራት ያልፉ ጀመር። ሬዢስ ጡረታ ወጥቶ ቤቱን ሸጦ ወደ ብረታኝ የባሕር ጠረፍ ሄደ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አጠፏቸው። ሁልጊዜ ሲያጉረመርሙ የኖሩት ጸጥ ሲሉ ቤቱ ውስጥ የትራሙ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ላይ ሆነው ትራም ሰምተው አያውቁም። ያሚና ብርድ ብርድ አለኝ ብላ ካፖርቷን ለበሰች። እውነትም ብርድ ነበር።

ኦዲል አሁን ጡረተኛ ናት። ወደ ዣካር በሄደች ቁጥር ያንን ረጅም መስኮት ቀና ብላ ታያለች፤ ወጣት ባልና ሚስት ይኖሩበታል፤ የሕፃን አልጋ ቆጡ ላይ አውጥተዋል። አንዳንዴ ያ ሁሉ ክርክር ምን አመጣ ብላ ራሷን ትጠይቃለች። የሚናፍቃት ግን ማሸነፉ አይደለም። አንድ ሰው የሠራውን ይዞ ሲመጣ ሌላ ሰው ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች ያነብለት እንደነበር ነው የሚናፍቃት።

ባለፈው ጸደይ ሬዢስ ደወለላት። እሱ ያለበት መንደር አጠገብ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው እንደ ቆጡ ያለ ነገር እንጀምር ብለዋል፤ አንዷ አሣ አጥማጅ፣ አንዱ የትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናቸው። የሚመጣውን የሚያነብ ሰው የላቸውም። የኦዲል ጉልበት ደረጃ አያስወጣም፤ ደግነቱ እዚያ ያለው ምድር ቤት ነው፤ እሷም ከወጥ ቤቷ ሆና ልታነብ ትችላለች። እያቅማማች እሺ አለችው።

የመጀመሪያው ፕሮጀክት የባሕር ወፎችን በድምፃቸው የሚለይ ነው። ድምፆቹ ያማሩ ናቸው፤ ማለዳ ቡናዋን እየጠጣች ሁሉንም አዳመጠቻቸው። አንደኛው ላይ፣ ከወፉ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ኦዲል በማታውቀው ቋንቋ የሆነ ሰው ስትጣራ ይሰማል፤ ድምፁን የቀዳው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም። ኦዲል መነጽሯን አስተካክላ ለላኪው ጻፈችለት፤ አመሰገነችው፤ ወፉን ማን እንደቀዳው፣ ሴትየዋም ድምፅዋ መቀዳቱን ታውቅ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችው። እስካሁን መልስ አልሰጣትም።